በሰው አገር ቋንቋና ኑሮ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ሰው ሊማሊሞን ያልፋል። ሲነሣ ጠዋት ነው። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ ጋቢውን ደርቦ ይነሣል። ጠመዝማዛውን መንገድ ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ ግን ጋቢው ሸክም ይሆንበታል። አውልቆ ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ሰውየው ያው የጠዋቱ ሰው ነው። የተለወጠው አገሩ ነው።

ጋቢ ማውለቅ ቀላል ነው። ቋንቋ መለወጥ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በመንደሩ አስታራቂ ሽማግሌ የሆነ፣ ነገር አዋቂ የተባለ ሰው፣ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር ሲገባ «ውሃ አጠጡኝ» ማለት ያቅተዋል። እንደ ሕፃን በጣቱ ያመለክታል። ያየው ሁሉ «ይኼ ሰውዬ ምንም አያውቅም» ይለዋል። ታዲያ እውቀቱ የት ሄደ? የትም አልሄደም። በልቡ ውስጥ አለ። መውጫ በር አጣ እንጂ።

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የሩቅ አገር ቋንቋ እንነጋገራለን። ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ይባላል። ይህን ቋንቋ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከአገራችን ተነሥተው ፖርቱጋል የገቡ ሰዎች ነበሩ። ከፖርቱጋልም መጥተው እዚሁ ሰሜን ተራራ ውስጥ የተጠለሉ ነበሩ። የሁለቱ ወገኖች ታሪክ ሰው በሰው አገር እንዴት እንደሚኖር ያስተምረናል።

ፖርቱጋል የት ነው?

ፖርቱጋል በአውሮፓ ምዕራብ ጫፍ፣ በትልቅ ባሕር ዳር ያለ አገር ነው። ዋና ከተማው ሊዝቦን ይባላል። ከተማው ቴዡ በሚባል ወንዝ አፍ ላይ ተሠርቷል። አገሩ ትንሽ ነው። የኢትዮጵያ መሬት አሥራ ሁለት ፖርቱጋሎችን ይይዛል።

አገሩ ትንሽ ሲሆን ቋንቋው ግን ሰፊ ነው። ምክንያቱ መርከብ ነው። ፖርቱጋሎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በመርከብ አፍሪካን ዞረው ሕንድ ደረሱ። ከዚያም ብዙ አገር በጉልበት ያዙ። ሰውን እንደ ዕቃ ሸጡ፣ ለወጡ። በያዙት አገር ሁሉ ቋንቋቸውን ተከሉ። ስለዚህ ዛሬ ፖርቱጋልኛ በብራዚል፣ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክ፣ በጊኒ ቢሳው፣ በኬፕ ቬርዴ፣ በሳኦ ቶሜም ይነገራል። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎችም አንዱ ነው። ዛሬ ፖርቱጋልኛ የሚናገረው ሰው አብዛኛው የሚኖረው ፖርቱጋል ውስጥ ሳይሆን ብራዚል ውስጥ ነው።

አባ ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን

በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል ንጉሥ መልክተኞች በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን መጡ። ስድስት ዓመት ቆዩ። ከነሱ አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ያየውንና የሰማውን ጽፎ በኋላ በመጽሐፍ አወጣው።

መልክተኞቹ በ1518 ዓ.ም. ሲመለሱ አፄ ልብነ ድንግል የራሳቸውን መልክተኛ አብረው ላኩ። እኚህ ሰው አባ ጸጋ ዘአብ ይባላሉ። የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፣ በአገራቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ከምጽዋ በመርከብ ተነሥተው ሕንድ ደረሱ። ከሕንድ አፍሪካን ዞረው በ1519 ዓ.ም. ክረምት ሊዝቦን ገቡ። መንገዱ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬ በአውሮፕላን የአንድ ቀን መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አባ ጸጋ ዘአብ ሲገቡ በኛ አቆጣጠር 1519 ነበር። በፖርቱጋሎች አቆጣጠር ግን 1527 ነበር። የነሱ የዘመን ቁጥር ከኛ በሰባት ወይም በስምንት ይበልጣል። ሰውየው ገና ከመርከብ ሲወርዱ ዓመቱ እንኳ ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው ማለት ነው።

አባ ጸጋ ዘአብ የሄዱት የሁለቱን ነገሥታት ወዳጅነት ሊያጠብቁ ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰቡት አልሆነም። የፖርቱጋል የሃይማኖት ሊቃውንት መረመሯቸው። «ቅዳሜን ለምን ታከብራላችሁ? ለምን ትገረዛላችሁ? ጾማችሁ ለምን ከኛ ይለያል?» እያሉ ጠየቋቸው። መልሳቸው አላረካቸውም። ስለዚህ ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀበሉ ከለከሏቸው። አስቡት እንግዲህ። በአገራቸው ሰውን የሚያስተምሩ ካህን፣ በሰው አገር እንደ መናፍቅ ተቆጠሩ። ይህም የአንድ ቀን ወይም የአንድ ወር ነገር አልነበረም። ዓመታት ቆየ።

ከሳቸው በፊትም እቴጌ እሌኒ የላኩት ማቴዎስ የሚባል መልክተኛ ነበር። እሱም ፖርቱጋል እስኪደርስ ድረስ «ሐሰተኛ ነህ፣ ሰላይ ነህ» እየተባለ በመርከብ ላይ ብዙ ተንገላቷል። ሰው በሰው አገር ቃሉ የማይታመንለት ጊዜ ብዙ ነው።

አባ ጸጋ ዘአብ ምን አደረጉ? ብዕር አነሡ። በሊዝቦን ዳሚያዎ ደ ጎይስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሊቅ አገኙ። ይህ ሰው የሌላውን አገር ነገር ለማወቅ የሚፈልግ፣ ሰምቶ የማይፈርድ ሰው ነበር። የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ልማድ እንዲጽፉለት ለመናቸው። እሳቸውም ጻፉለት። የሚያምኑትን፣ የሚጾሙትን፣ የሚያከብሩትን በዝርዝር አስረዱ። የደረሰባቸውንም በደል አልደበቁም። ከሩቅ አገር የመጡት ለክርክር ሳይሆን ለፍቅር መሆኑን፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ እንደ ባዕድ መታየታቸው እንዳሳዘናቸው ጻፉ።

ጎይስ ጽሑፉን ወደ ላቲን ቋንቋ መለሰው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1540 በሉቫን ከተማ ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ግን ጽሑፉ አንድ ጊዜ ወጥቷል። በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተነበበ። ወደ ሌሎችም ቋንቋዎች ተተረጎመ። በአፋቸው ያልተሰሙት ሰው በጽሑፋቸው ተሰሙ።

ጆሮ የሚያስተው ቋንቋ

አሁን ቋንቋውን ራሱን ጥቂት እንየው። አንድ የኛ አገር ሰው ፖርቱጋል ቢሄድ ጆሮው ብዙ ጊዜ ያስተዋል። በአማርኛ የምናውቀው የሚመስል ድምፅ እየሰማ ትርጉሙ ሌላ ይሆንበታል።

ፖርቱጋሎች «ማር» ሲሉ ባሕር ማለታቸው ነው። «ሳል» ሲሉ ጨው ማለታቸው ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ «አይደለም» የሚሉበት ቃል ነው። «ናው» ይላሉ፣ ድምፁን በአፍንጫቸው እያወጡ። ለኛ ጆሮ «ነው» የሚል ይመስላል። እኛ ተስማማ ብለን ደስ ሲለን፣ ሰውየው እምቢ ብሎናል!

ድምፁስ? አንዳንዱ ለኛ ይቀለናል። «ኝ»፣ «ሽ»፣ «ዥ» የሚሉት ድምፆች በነሱም ቋንቋ አሉ። ብዙ ሕዝብ «ኝ» ማለት ያቅተዋል። የኛ ሰው ግን ከናቱ ጡት ጋር የጠባው ድምፅ ስለሆነ አይቸገርም። የሚቸግረን በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። ዳቦን «ፓው» ይሉታል፣ ግን በአፍና በአፍንጫ አንድ ላይ ነው። እነሱ ደግሞ በተራቸው በኛ ቋንቋ ይቸገራሉ። «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ጸ» የሚሉት ድምፆች በነሱ ቋንቋ የሉም። «ጠጅ ቀዳ» በል ቢሉት ፖርቱጋላዊው ላብ ያጠምቀዋል። እንግዲህ አንዱ ለሌላው የሚስቅበት ምክንያት የለም። ምላስ የለመደውን ይናገራል።

የአነጋገሩም ሥርዓት ይለያል። እኛ «እኔ ዳቦ እበላለሁ» እንላለን። እነሱ «እኔ እበላለሁ ዳቦ» ይላሉ። እኛ ሰውየው የሚያደርገውን ለማወቅ ንግግሩ እስኪያልቅ እንጠብቃለን። እነሱ ግን ድርጊቱን ከመካከል ያስቀምጡታል። አንድ የሚመሳሰልም ነገር አለ። እኛ «እበላለሁ» ስንል «እኔ» ባንልም የሚበላው ማን እንደሆነ ይታወቃል። በነሱም እንዲሁ ነው።

ሰውን በማክበርም እንመሳሰላለን። እኛ ለልጅና ለጓደኛ «አንተ»፣ ለታላቅ «እርስዎ» እንላለን። እነሱም ለቅርብ ሰው «ቱ»፣ ለሚከበር ሰው «ኦ ሰኞር» ይላሉ። ይህን ሳያውቅ ለሽማግሌ «ቱ» የሚል እንግዳ እንደ ባለጌ ይታያል።

ሰላምታቸውም እንደኛ በጊዜ ይከፈላል። እኛ እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ እንላለን። እነሱ ጠዋት «ቦም ዲያ»፣ ከቀትር በኋላ «ቦአ ታርድ»፣ ማታ «ቦአ ኖይት» ይላሉ። ለምስጋና ወንድ «ኦብሪጋዱ»፣ ሴት «ኦብሪጋዳ» ይላሉ። እዚህ ላይ ልዩነት አለ። እኛ «አመሰግንሃለሁ» ወይም «አመሰግንሻለሁ» ስንል የምናየው የሚመሰገነውን ሰው ነው። እነሱ ግን የሚያዩት አመስጋኙን ነው።

ፊደላቸው ሃያ ስድስት ነው። የኛ ዋና ፊደል ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሰባት፣ ማለትም 231 ነው። እኛ «ማ» ብለን በአንድ ፊደል የምንጽፈውን እነሱ በሁለት ፊደል ይጽፉታል። እንግዲህ 231 ፊደል ለይቶ ያነበበ ጎልማሳ 26 ፊደል ሊያስፈራው አይገባም። «እኔ አርጅቻለሁ፣ አእምሮዬ አይዝም» የሚል ሰው ይህን ገጽ ማንበቡን ያስብ።

ኑሮውስ?

ቋንቋ ብቻውን አይመጣም። ከምግቡ፣ ከሰዓቱ፣ ከአየሩ ጋር ነው የሚመጣው።

ምግብ። በፖርቱጋል እንጀራ የለም፣ ጤፍ የለም። የስንዴ ዳቦ ይበላሉ። ወጣቸውን በወይራ ዘይት ይሠራሉ። ዓሣ በጣም ይወዳሉ። ከሩቅ ባሕር አጥምደው በጨው ያደረቁት ዓሣ ዋና ምግባቸው ነው። የአሳማ ሥጋም ይበላሉ። ከኛ አገር የሄደ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ለመብላት እጁን ከመዘርጋቱ በፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ለመጠየቅም ቃል ያስፈልገዋል።

ሰዓት። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው። እነሱ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። የኛ ጠዋት አንድ ሰዓት በነሱ ሰባት ሰዓት ነው። «ነገ ጠዋት በሰባት ሰዓት ና» የተባለ የኛ ሰው በኛ ሰባት ሰዓት ቢሄድ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ሥራው ያመልጠዋል። «ሰነፍ ነው» ይሉታል። ሰውየው ግን አልሰነፈም። ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር መኖሩን አላወቀም።

አየር። በአገራችን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። በሊዝቦን ግን በታኅሣሥ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በሰኔ ደግሞ ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ይረዝማል። ዝናባቸውና ብርዳቸው እኛ ገብስ አጭደን፣ ወቅተን በምናስገባበት ጊዜ ነው። እኛ ክረምት ስንል እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉ። ገበሬ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ አገር ሲገባ የዘር ወሩ፣ የአጨዳ ወሩ ሁሉ ይገለበጥበታል።

ልማድ። ይህ ከሁሉ የጠለቀ ነው። እኔ ይህን የምጽፍላችሁ ተማሪ ከከተማ ወደ ደባርቅ የመጣሁ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ቋንቋው ያው አማርኛ ነው። ያሳደሩኝ እናት ጠዋት «እንዴት አደርህ?» አሉኝ። «ደኅና» ብዬ ውሃ ልቀዳ ተነሣሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኛስ እንዴት አደርን?» አሉኝ። አፈርኩ። በከተማ እየተጣደፍን ሰላምታ መመለስ ረስቻለሁ። እዚህ ግን ሰላምታ የሰው፣ የከብት፣ የእህል ደኅንነት የሚጠየቅበት ነው። እንግዲህ በራሴ ቋንቋ እንዲህ ከተሳሳትኩ፣ በባዕድ ቋንቋ ምን ያህል ልሳሳት ነው?

ወደኛ የመጡት

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ፖርቱጋሎችስ በኛ አገር እንዴት ኖሩ?

የመጀመሪያው ፔሮ ዳ ኮቪልያን ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ በ1479 ዓ.ም. ላከው። እንደ ነጋዴ ሆኖ ብዙ አገር ዞረ። በመጨረሻ ኢትዮጵያ ገባ። ነገሥታቱ አከበሩት፣ መሬት ሰጡት፣ ወደ አገሩ እንዲመለስ ግን አልፈቀዱለትም። አገባ፣ ወለደ። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልክተኞች ሲመጡ ያገራቸውን ሰው አርጅቶ አገኙት። ሁለቱን ቋንቋ ስለሚያውቅ አስተርጓሚ ሆነላቸው። የአገሩ ልማድ ገብቶት ስለነበር ለቤተ መንግሥት ምን እንደሚባል፣ ምን እንደማይባል የሚመክራቸው እሱ ነበር።

ሁለተኞቹ ወታደሮች ናቸው። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚባል አለቃ 400 ወታደሮች ይዞ በምጽዋ ገባ። የመጣው ከኢማም አሕመድ ጋር የሚደረገውን ጦርነት ለማገዝ ነበር። በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወፍላ ላይ ተሸነፈ። ተይዞም ተገደለ። ከሞት የተረፉት ወታደሮችና እቴጌ ሰብለ ወንጌል ሸሽተው በሰሜን ተራራ የአይሁድ አምባ በተባለው ቦታ ተጠለሉ። አፄ ገላውዴዎስም እዚያ መጥተው ተቀላቀሏቸው። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ሞቱ፤ ጦርነቱም ተፈጸመ።

እኛ የምናርሰው፣ ከብት የምናሰማራበት ተራራ በዚያን ጊዜ ቋንቋ የማያውቁ ቁስለኞች መጠለያ ነበር። ከሰሜን ብርድ ጋር የባዕድነት ብርድ ተጨምሮባቸዋል። እህል የሰጣቸው፣ ቁስላቸውን ያየላቸው የአገሩ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከተረፉት ብዙዎቹ አገራቸው አልተመለሱም። የኢትዮጵያ ሴቶች አገቡ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የእናታቸውን ቋንቋ እየተናገሩ አደጉ። ከነሱም ዘር ኋላ አስተርጓሚዎች ወጡ።

ሦስተኞቹ የሃይማኖት መምህራን ናቸው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው መምህር በ1595 ዓ.ም. መጣ። በትውልዱ እስፓኛዊ ነው፣ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው ግን በፖርቱጋልኛ ነው። ከዚያ በፊት የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ ዓረብኛ ተምሯል። እዚህም አማርኛና ግዕዝ ተማረ። ለአገሩ ልማድ ይጠነቀቅ ስለነበር ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጀ። በ1614 ዓ.ም. ጎርጎራ ላይ ሞተ።

ከሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጣው አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። ጾሙም፣ በዓሉም፣ ጥምቀቱም ሁሉ እንደ አገሬ ይሁን አለ። ሕዝቡ እምቢ አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ። አፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስም መምህራኑን ከአገር አስወጡ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሊዝቦን ላይ አባ ጸጋ ዘአብ «ለምን እንደኛ አትሆንም?» ተባሉ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የኛ ሕዝብ በገዛ አገሩ ያንኑ ተባለ። ቋንቋ መማር ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰውን ማክበር ካልተጨመረበት ቋንቋው ብቻውን አያስማማም።

እንዴት ይማሩታል?

አዋቂ ሰው አዲስ ቋንቋ ሲማር የሚረዱት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1. አለማፈር። ሕፃን አፉን የሚፈታው እየተሳሳተ ነው። አዋቂ ግን ይስቁብኛል ብሎ ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው አይማርም።

2. ከሚያስፈልገው መጀመር። ውሃ፣ ዳቦ፣ አመመኝ፣ እርዱኝ፣ ስንት ነው፣ መንገዱ በየት ነው የሚሉትን ማስቀደም ይገባል። በፖርቱጋልኛ ውሃ «አጉዋ» ነው። «አልገባኝም» ለማለት «ናው እንቴንዱ» ይባላል። ይህን የመጨረሻውን የሚያውቅ ሰው አይታለልም። ያልገባውን ነገር ገብቶኛል ብሎ አይፈርምም።

3. ቃሉን ከሥራው ጋር መያዝ። ደባርቅ ላይ የእንግዶችን ጭነት በበቅሎ የሚያደርሱትን ሰዎች ተመልከቱ። ትምህርት ቤት ገብተው የፈረንጅ ቋንቋ አልተማሩም። ግን ገደሉን፣ ውሃውን፣ ጭላዳውን፣ ዋልያውን እያሳዩ፣ እየጠየቁ ቃሉን ይለቅማሉ። እጅ የነካውን፣ ዓይን ያየውን ነገር ስም ልብ አይረሳውም።

4. መጻፍ። የሰሙትን ቃል በኛው ፊደል በወረቀት ማስፈር፣ አጠገቡም ትርጉሙን መጻፍ ነው። በቀን አምስት ቃል የያዘ ሰው በዓመት ከ1,800 ቃል በላይ ይይዛል። ግማሹ ቢጠፋበት እንኳ ግማሹ ይበቃዋል።

5. ከአገሬው ጋር መዋል። ያገር ልጅ ማግኘት ደስ ያሰኛል፣ ያጽናናል። ግን ሌሊትም ቀንም ካገር ልጅ ጋር ብቻ የሚውል ሰው ዓመት ቆይቶም እንግዳ ነው። ጎረቤትን ሰላም ማለት፣ ከሕፃናት ጋር መነጋገር ይጠቅማል። ሕፃናት አይሰለቹም፣ ስሕተትንም ወዲያው ያርማሉ።

6. መታገሥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለኛ ምን ይጠቅመናል?

«እኔ ወገራን ለቅቄ የትም አልሄድ፤ ይህ ለኔ ምኔ ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። ሁለት ነገር ይጠቅመዋል።

አንደኛው፣ ልጆቻችን ይሄዳሉ። ዛሬ ከዳባትም፣ ከደባርቅም ወጣቶች ወደ ዓረብ አገርና ወደ ሌላም ይሰደዳሉ። ቋንቋ ሳያውቁ፣ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳይጠይቁ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። አሠሪው የሚለው ሳይገባት ቀርቶ የምትቀጣ ልጅ አለች። ሕመሙን መናገር አቅቶት የሚሰቃይ ልጅ አለ። ልጃችሁ ለመሄድ ከቆረጠ ስንቅ ከመቋጠር በፊት «የዚያን አገር ቋንቋ ስንት ቃል ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቤተሰቡን ስምና አድራሻ በወረቀት ጽፎ እንዲይዝ አድርጉ።

ሁለተኛው፣ ሰውም ወደኛ ይመጣል። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ከብዙ አገር እንግዳ ይመጣል። ከሌላ ክፍለ አገር ቋንቋው ሌላ የሆነ ነጋዴና ሠራተኛም ይመጣል። «ቀ» ማለት ሲያቅተው አትሳቁበት። ነገር ሲሳሳት ሞኝ ነው አትበሉት። ምናልባት በአገሩ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይሆናል። አባ ጸጋ ዘአብ ሊዝቦን ላይ ያጡት አንድ ነገር ታግሦ የሚሰማቸው ሰው ነበር። አንድ ሰው በተገኘ ጊዜ ልባቸውን አውጥተው ጻፉ።

ፖርቱጋሎች አንድ የሚወዱት ቃል አላቸው። «ሳውዳድ» ይባላል። እኛ ናፍቆት እንለዋለን። ባሕር ተሻግሮ የቀረውን ሰው፣ የራቀውን አገር ሲያስቡ የሚሉት ነው። ድምፁ ሌላ ነው፣ ሕመሙ ግን አንድ ነው። ልጁ የሄደበት አባት ዳባት ላይ ሆኖ የሚሰማው ነገር በፖርቱጋልኛም ስም አለው።

እንግዲህ ልጃችሁ ከሩቅ አገር ሲጽፍ ደብዳቤውን ይዛችሁ አንባቢ ፍለጋ አትሂዱ። ራሳችሁ አንብቡት። መልሱንም ራሳችሁ ጻፉ። የቤቱን ምስጢር ሌላ ሰው ሳይሰማው በናቱና በአባቱ እጅ የተጻፈ ቃል በባዕድ አገር ላለ ሰው ከስንቅ ይበልጣል።

የቃላት ፍቺ

ባዕድ = የሌላ አገር ሰው፣ ዘመድ ያልሆነ
አስተርጓሚ = የአንዱን ቋንቋ በሌላው የሚናገር
መልክተኛ = የሌላውን ቃል የሚያደርስ
አቆጣጠር = የቀን፣ የወር፣ የዓመት አቈጣጠር ሥርዓት
ልማድ = ሰው ሲወርድ ሲዋረድ የለመደው አኗኗር

ጥያቄዎች

1. አባ ጸጋ ዘአብ ሊዝቦን የገቡት በስንት ዓ.ም. ነው? በፈረንጅ አቆጣጠርስ?
2. በሊዝቦን ምን ደረሰባቸው? ምንስ አደረጉ?
3. «ማር»፣ «ሳል»፣ «ናው» በፖርቱጋልኛ ምን ማለት ናቸው?
4. የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት በነሱ ስንት ሰዓት ይሆናል?
5. ፓኤዝና ሜንዴዝ በምን ይለያያሉ?
6. ቋንቋችሁን የማያውቅ እንግዳ ቤታችሁ ቢመጣ በመጀመሪያ የትኞቹን አምስት ቃላት ታስተምሩታላችሁ? በደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው።